ዘጠኝ ዲስቲለሪ፣ አራት ወንድ፣ አንድ ሹፌር

«ሰላም ጋሼ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቷል፣ ውስኪ ይወዳል፣ የሚያውቀው ግን ብላክ ሌብልና ጃክ ዳንኤልን ነው። ለሌበር ዴይ (ሰኞ የሚውለው የሰራተኞች በአል) ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አራት ሆነን በመኪና ኬንታኪ ልንወስደው አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ዘጠኝ ዲስቲለሪ (የውስኪ ፋብሪካ) ያለበት ሊስት ግሩፑ ላይ ለቀቀ፣ ጃክ ዳንኤልም አለበት። መኪናው የኔ ነው፣ የትም ስንሄድ የምነዳውም እኔ ነኝ። እኔም እኮ መቅመስ እፈልጋለሁ። ይሄን ሳነሳባቸው ‹ቴስቲንግ ማለት እኮ ማንኪያ የማትሞላ ነች፣ ምን ታደርግሃለች› ይሉኛል። ፕላኑን እንዴት ላርገው? ሳልጣላቸውስ እንዴት ልንገራቸው? — ሹፌር ሆኜ ልቀር ነው»

እሺ ወንድሜ። ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው የመንገድ ጥያቄ መስሎኝ ካርታ ሁሉ ከፍቼ ነበር፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ዋናው ነገር መሀል ላይ ሸጎጥ ያረካት «እኔም እኮ መቅመስ እፈልጋለሁ» የምትለዋ መሆኗ ገባኝ። ማን ይነዳል የሚለው ካልተቆረጠ የት ይታደራል፣ በቀን ስንት ቦታ ይገባል እያሉ መነጋገር ውሃ መውቀጥ ነው።

እኔ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ስድስት አመት ኖሬያለሁ፣ ከዛ ውስጥ ሁለቱን አመት ቅዳሜና እሁድ ቫን እየነዳሁ የዲስቲለሪ ጎብኚ አመላልስ ነበር። ከውስኪው ይልቅ ፓርኪንጉን ነው በደንብ የማውቀው ብል ይሻላል። ጠዋት ሲሳፈሩ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ አንዳንዱ ማስታወሻ ደብተር ሁሉ ይዞ፣ «ያኛው ቫኒላ ቫኒላ ይላል» ምናምን እየተባባሉ ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሳቁ ይጨምራል። ሶስተኛው ላይ አስጎብኚዋ የምትለውን የሚሰማ የለም፣ አራተኛው ላይ አንዱ ቫኑ ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ ሌሎቹ ደሞ የከፈሉበትን ቱር ትተው ጊፍት ሾፕ ውስጥ ቲሸርት ሲለካኩ ታገኛቸዋለህ። ስለዚ የዘጠኙን ሊስት የላከው ጓደኛህ ክፋት የለውም፣ ሄዶ ስላላየ ነው።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። ከናንተ ሰፈር ሌክሲንግተን ኬንታኪ ከ500 ማይል በላይ ነው፣ በሀይዌይ 66 ወጥታችሁ 81 ላይ ትገቡና ከዛ 64ን ይዛችሁ ዌስት ቨርጂኒያን ማቋረጥ ነው (ቶል፣ የመንገድ ክፍያ አለው፣ መክፈያዋን ኢዚ ፓስህን አትርሳ)፣ ነዳጅና ሽንት ቤት ሲጨመርበት ዘጠኝ አስር ሰዓት በለው። አርብ ሙሉ ቀን መንገድ፣ ሰኞ ሙሉ ቀን መንገድ። የቀራችሁ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ናቸው። ዘጠኙን ለሁለት ስታካፍለው በቀን አራት ተኩል ዲስቲለሪ ይደርሳችኋል፣ አንድ ቱር ከነቴስቲንጉ ከሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ደሞ ሰላሳ ደቂቃም አንድ ሰዓትም የሚነዳ አለ፣ አመሻሽ ላይ ይዘጋሉ፣ እሁድ አርፍደው የሚከፍቱም አሉ። አይሆንም። ማክሰኞን ፈቃድ ውሰዱ። ከምነግርህ ሁሉ እቺ ትበልጣለች፣ ምክንያቷን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ስለ «ማንኪያ የማትሞላዋ»። እውነት ነው ብርጭቆዋ ትንሽ ነች፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ሶስትም አራትም አምስትም ይደረድሩልሃል፣ ዝቅተኛው 40 ፐርሰንት ነው፣ በርሜል ፕሩፍ የሚሉት፣ ከበርሜሉ ወጥቶ ውሃ ያልተጨመረበት፣ ደሞ 60 የሚያልፍ አለ። ፕሩፍ ሲሉህ ለሁለት አካፍለው፣ 100 ፕሩፍ ማለት 50 ፐርሰንት ነው። ከቱሩ ስትወጡ ደሞ ግቢው ውስጥ ባር ይኖራል፣ ያ የሚስትህ ወንድም «አንዳንድ እንበል እንጂ» ማለቱ አይቀርም፣ እንግዳ ሆኖ ጠይቆ ማን እምቢ ይለዋል። የኬንታኪ ህግ የሹፌር ደም ውስጥ ላለ አልኮል ወሰኑ 0.08 ነው፣ የገጠር መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ሲመሻሽ አጋዘን ይገባበታል። ከናንተ መሀል በመንዳት የሚተዳደር ካለ ወይም ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ካለ ደሞ አንድ ዲዩአይ (ጠጥቶ የመንዳት ክስ) ምን ሊያመጣ እንደሚችል እኔ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። የተከፈተ ጠርሙስም ወንበር ስር አይቀመጥም፣ ከኋላ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የሚገባው።

ስለዚ እንዲህ አርገው። አርብ አንተ ንዳ፣ የሚቀመስ ነገር የለም፣ መኪናውም ያንተ ነው፣ ቅር አይልህም። ሌሊት 11 ሰዓት ብትወጡ ከሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። ብዙ ሰው ሉዊቪል ሄዶ ነው የሚጀምረው፣ ከምስራቅ ለሚመጣ ግን ሌክሲንግተን ይቀርባል፣ እዛው እደሩ። ቅዳሜ ሊስቱን የላከው ሰውዬ ይንዳ። አዎ እሱ ራሱ። መጀመሪያ ግን ኢንሹራንስህ ሌላ ሰው ሲነዳ ይሸፍን እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። እሁድ ሹፌር ያለው ቫን ተከራዩ፣ ባርድስታውንና ሉዊቪል ላይ ስራቸው ይሄው የሆኑ ሰዎች አሉ፣ ለሶስት ስትካፈሉት ያን ያህል አይጎዳም። «ኡበር አለ አይደል» የሚል አይጠፋም። ኡበሩ ገጠር ያለው ሎሬቶ ድረስ ያደርሳችኋል፣ የሚመልሳችሁ ነው የሚጠፋው፣ እኔ እዛ ግቢ በር ላይ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ኔትወርክ የሚፈልጉ ሰዎችን በነፃ ጭኜ መልሼ አውቃለሁ። ሰኞ ሉዊቪል በእግር። ማክሰኞ ሰኞ ማታ በጊዜ የተኛው ሰው ይነዳል።

የቅዳሜው ሹፌርም ቢሆን ተቆራምዶ አይዋል፣ አሽትቶ ከንፈሩን አርጥቦ መትፋት ይችላል፣ ነውር የለውም፣ መትፊያ ካልታያችሁ ጠይቁ ያመጡላችኋል።

የቅዳሜ ሁለቱ ቦታዎች ውድፎርድ ሪዘርቭና ባፋሎ ትሬስ ይሁኑ። ውድፎርድ ያለው ቨርሴልስ አጠገብ ነው፣ አፃፃፉ የፈረንሳዩ ቬርሳይ ነው፣ እነሱ ግን ቨርሴልስ ነው የሚሉት፣ ቬርሳይ ብለህ ብትጠይቅ አይገባቸውም። መንገዱ በራሱ ጉብኝት ነው፣ ግራና ቀኝ የፈረስ እርባታ፣ ሳሩ የተላጨ የሚመስል፣ አጥሩ ማይል በማይል የተዘረጋ። ከስር ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃውን ያጣራዋል፣ ብረት ያለበት ውሃ ውስኪውን ያጠቁረዋል ያበላሸዋል ይላሉ፣ ያው ካልሲየሙ ደሞ ለፈረሶቹ አጥንት ነው።

እዛ ስትገቡ የሚስትህን ወንድም ፊት ፊቱን እየው። ማብላያ ጋኑ ያለበት ክፍል በሩ ሲከፈት አፍንጫው ላይ የሚመታው ሽታ ጥንስስ ነው። በቃ ጥንስስ። እኔ መጀመሪያ ቀን የገባሁ ጊዜ እናቴ ጓዳ የገባሁ ነው የመሰለኝ። በቆሎው ተፈጭቶ ተቀቅሎ፣ ብቅል ተጨምሮበት፣ እርሾ ገብቶበት፣ ላዩ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አስጎብኚው «ሳወር ማሽ» ሲላችሁ ደሞ ካለፈው ጊዜ ከተጣራው ከተረፈው አተላ ላይ ቀንሰው ለሚቀጥለው ይጨምሩበታል ማለት ነው፣ የእንጀራ እርሾ አስቀርቶ ለሚቀጥለው ሊጥ እንደማለት፣ ልዩነቱ የነሱ የሚፈለገው ለኮምጣጣነቱ ነው፣ እርሾውን ለብቻው ነው የሚጨምሩት። ከዛ ወደ ማጣሪያው ትሄዳላችሁ። ኬንታኪ ውስጥ አብዛኛው ፋብሪካ አንዴ በረጅም ቱቦ ያወጣውን መልሶ ሌላ ጋን ውስጥ አስገብቶ ሁለተኛ ያጣራዋል። አማችህን «ይሄ እኮ ዳግም ነው» በለው፣ ዳግም አረቄ የሚያውቅ ሰው ከዛ በላይ ማስተርጎም አያስፈልገውም። ውድፎርድ ላይ ትላልቅ የመዳብ ጋኖች ተደርድረው ታያላችሁ፣ እዛ ሶስቴ ነው የሚያጣሩት።

በነገራችን ላይ ኬንታኪ የምትታወቅበት ውስኪ፣ ቦርበን፣ ለመባል ህግ አለው፣ ዝም ብሎ ስም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መሰራት አለበት፣ ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ በቆሎ መሆን አለበት፣ አዲስ ውስጡ የተቃጠለ የኦክ በርሜል ውስጥ መግባት አለበት፣ ቀለም ማግባት አይቻልም። ያ የምታየው ቡናማ ቀለም ከከሰለው እንጨት የመጣ ነው። በርሜሉ አዲስ መሆን ስላለበት አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ ለቦርበን አይሆንም፣ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ይላካል፣ እነሱ ደሞ የራሳቸውን ውስኪ ያስቀምጡበታል። ስለዚ የብላክ ሌብሉ ሰውዬ ሳያውቀው ስንት አመት የኬንታኪ በርሜል ሲቀምስ ነው የኖረው። ይሄን እራት ላይ ንገረው፣ ይወደዋል።

ባፋሎ ትሬስ እዛው ኬንታኪ ፍራንክፈርት የምትባል ከተማ ነው፣ ቱሩ በነፃ ነው፣ በነፃ ስለሆነ ደሞ ቦታው ቶሎ ያልቃል፣ ይሄን ፅሁፍ እንደጨረስክ ቡክ አርግ። 2025 ሚያዝያ ላይ የኬንታኪ ወንዝ ሞልቶ ግቢው ድረስ ገብቶባቸው ነበር፣ አፅድተው ከፍተዋል። አሜሪካ ውስጥ አልኮል በተከለከለበት ዘመን ለመድሃኒት ተብሎ በሀኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ውስኪ እንዲያሽጉ ፈቃድ ካገኙት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ፓፒ ቫን ዊንክል የሚባለው ሰው የሚሻማበት ውስኪም እዛ ነው የሚሰራው፣ አታገኙትም፣ መደርደሪያ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ።

ከዛ ማታውን ባርድስታውን ግቡና ሁለት ሌሊት እደሩ። ትንሽ ከተማ ነች፣ መሀል አደባባዩዋ ላይ መኪና አቁመህ በእግርህ ትጨርሳታለህ።

እሁድ ቫኑ ይመጣል። አንዱ ሜከርስ ማርክ ይሁን፣ ሎሬቶ፣ ገጠር ውስጥ፣ ጥቁር ህንፃ ቀይ መስኮት። እነሱ ራይ በሚባለው እህል ፋንታ ስንዴ ነው የሚጨምሩት፣ ስለዚ ለስለስ ይላል፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ዋናው ጨዋታ ግን ጊፍት ሾፑ ነው፣ የገዛኸውን ጠርሙስ ራስህ ቀይ ሰም ውስጥ ትነክረዋለህ። ሽርጥ ያስታጥቁሃል፣ ጓንትና መነፅር ይሰጡሃል፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቀህ አንገቱን ሰሙ ውስጥ ትደፍቀዋለህ፣ ታወጣና ቶሎ ትገለብጠዋለህ፣ ያኔ ሰሙ በጎን በጎኑ ይንጠባጠባል፣ የማንም ጠርሙስ ከማንም ጋር አይመሳሰልም። ይሄን ነው አማችህ አዲስ አበባ ወስዶ ቢፌ ውስጥ የሚያስቀምጠው፣ አይከፍተውም። ሀሳቡ የመጣው ማርጂ ሳሙኤልስ ከምትባል የባለቤቱ ሚስት ነው፣ ጠርሙሱንም ስሙንም እሷ ናት ያወጣችው።

ሁለተኛው እዛው ባርድስታውን ሄቨን ሂል ይሁን። በርሜል የሚቀመጥበትን መጋዘን የሚያስገባ ቱር ምረጡ፣ እንደ ቦታው ባርና ቴስቲንግ ብቻ የሆነም አለ። መጋዘኑ ጨለማ ነው፣ መብራት የለውም ማለት ይቻላል፣ እንጨቱ ይንቋቋል፣ አየሩ ራሱ ጣፋጭ ነው። በየአመቱ ከበርሜሉ የተወሰነው ይተንና የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ያንን የሚተነውን እየበላ የሚያድግ ሻጋታ ስላለ የመጋዘኖቹ ግድግዳ፣ አጠገባቸው ያለው ዛፍ ሳይቀር፣ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፣ ተቃጥሎ እንዳይመስላችሁ። የእውነት የተቃጠለ ግን አለ፣ 1996 ህዳር ላይ ሄቨን ሂል መጋዘኖቹ በእሳት ተያይዘው ወደ 90,000 በርሜል ነው የጠፋው፣ የሚነድ ውስኪ እንደ ጎርፍ መንገድ ላይ ሲፈስ ያዩ ሰዎች እስካሁን ያወሩታል። ኬንታኪ ውስጥ አሁን ከሰው በርሜል ይበዛል፣ ህዝቡ 4.5 ሚሊዮን ነው፣ በርሜሉ ከ14 ሚሊዮን በላይ። ከመብዛቱ የተነሳ ሰሞኑን ገበያው ቀዝቅዞ ማምረት የቀነሱም ያቆሙም ስላሉ፣ ቡክ ስታረግ ማሽኑ እየሰራ ነው ወይ ብለህ ጠይቅ።

ቫኑ እሺ ካለ ስትመለሱ ጌቴሴማኒ ገዳም አስቁሙት፣ ትራፒስት የሚባሉ ካቶሊክ መነኮሳት ከ1848 ጀምሮ ያሉበት ነው፣ ቦርበን ያለበት ፈጅ ቸኮሌት ይሸጣሉ፣ እሁድ ሱቁ ክፍት መሆኑን ግን ቀድማችሁ እዩ። ለባለቤትህ አንድ ሳጥን። ወንድሟን ወስደህ አምስት ቀን ጠፍተህ ባዶ እጅህን እንዳትገባ።

ምግብ ላይ ቶሎ ልበል። ኬንታኪ አሳማ የሌለበት ነገር ማግኘት አይን ይጠይቃል። ሉዊቪል ታዋቂው ሆት ብራውን የሚባለው ሳንድዊች ተርኪ ነው ይሉሃል፣ ላዩ ላይ ቤከን ተጋድሞበታል። አርብ ፆም ነው ብለህ ፎሶሊያ ብታዝ ራሱ ከሃም ጋር ተቀቅሎ ነው የሚመጣው፣ ሳይጠየቅ አይነግሩህም። የአርቡን ከቤት ቋጥሩ፣ ሽሮ በቴርሞስ ምንም ነውር የለውም። የቅዳሜውን ቁርስ ደሞ ደህና አርጋችሁ ብሉ፣ በባዶ ሆድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ውስኪ ማለት...

እረ ሰዓት ስል። ቱሩ 10:00 ነው ስትለው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከሰዓት አስር ሰዓት መስሎት አልጋው ውስጥ ይገላበጣል። እኔን ደርሶብኛል፣ ዘመድ ናቸው፣ ሰዓት አልፎባቸው በር ላይ ተመለሱ፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። «ጠዋት አራት» በለው። ፓስፖርቱንም ይያዝ፣ በር ላይ 21 አመት መሙላቱን ያያሉ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ቢሆንም ያያሉ፣ የኛ መታወቂያ ደሞ የልደት ቀኑ በኛ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ማስረዳት ውስጥ አትግባ።

ጃክ ዳንኤልን ሰርዙት። ኬንታኪ አይደለም ያለው፣ ሊንችበርግ ቴነሲ ነው፣ ከሉዊቪል አራት ሰዓት ገደማ ይነዳል፣ ወደ ቤታችሁም አቅጣጫ አይደለም። ለብቻው መሄድ ግን ያስቆጫል አልልህም፣ ጃክ ዳንኤልን ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ኒረስት ግሪን የሚባል በባርነት ይኖር የነበረ ጥቁር ሰው ነው፣ ይሄን ኩባንያው ራሱ ዛሬ ይናገራል። ከተማው ያለበት ካውንቲ ደሞ አልኮል መሸጥ የተከለከለበት ነው፣ አይገርምም? ሌላ ጊዜ፣ ከናሽቪል ጋር አያይዛችሁ።

ሰኞ ሉዊቪል ሜን ስትሪት ላይ ውስኪ ሮው የሚባለው ሰፈር ነው፣ ኢቫን ዊሊያምስ አለ፣ ኦልድ ፎሬስተር አለ፣ ሚክተርስ አለ፣ ሁሉም በእግር ነው። እኔ ኦልድ ፎሬስተርን እመርጣለሁ፣ እዛው ህንፃ ውስጥ በርሜል ሲሰሩና ውስጡን በእሳት ሲያከስሉት ያሳያሉ። በአል ስለሆነ የሚዘጋ ካለ ቀድማችሁ እዩ። አንድ ቦታ ብቻ ግቡ፣ ከዛ ኦሀዮ ወንዝ ዳር ተንሸራሸሩ። የማክሰኞዋ ምክንያት ይቺ ነች፣ እሁድ ማታ ባርድስታውን ሲጠጣ አምሽቶ ሰኞ ጠዋት 600 ማይል የሚነዳ ሰው አልኮሉ ከደሙ ሳይወጣ ነው መሪ የሚይዘው፣ ያ ሰው ደሞ አንተ ልትሆን ነበር።

ጠርሙስ ለሻንጣ ሲሆን ያልተከፈተ፣ ከ70 ፐርሰንት ያልበለጠ፣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ነው አውሮፕላኑ የሚፈቅደው፣ በሚጫነው ሻንጣ። በካልሲ ጠቅልሉት።

እንዴት ልንገራቸው ላልከው ደሞ ፊት ለፊት ከተነጋገራችሁ ይስቁብህና ያልፋል፣ ፃፈው። ይቺን ግሩፑ ላይ ለጥፋት፣

«ወገን፣ የኬንታኪው ነገር። አርብ እኔ እነዳለሁ። ቅዳሜ ሊስቱን የላክኸው አንተ ትነዳለህ፣ ኢንሹራንሱን ጠይቄያለሁ። እሁድ ቫን ነው፣ ሂሳቡን ለሶስት እንካፈላለን እንግዳ አይከፍልም። ሰኞ በእግር። ማክሰኞ ሰኞ ማታ ያልጠጣው። ዘጠኙ አምስት ሆኗል፣ ጃክ ተሰርዟል። ማክሰኞ ፈቃድ ያልጠየቀ ዛሬ ይጠይቅ፣ ሐሙስ ቡክ አረጋለሁ።»

የማክሰኞዋ ላይ ነው የሚያንገራግሩት፣ እዛ ጋ እንዳትለሳለስ።